ካት በማብዛት ልብ አይንጠለጠልም

የልብ አንጠልጣይ አጭር ፊልም ውጥረት በአብዛኛው የሚሠራው በኤዲቲንግ ነው፤ ካት በማብዛት ግን አይደለም። በተማሪ ፊልሞች ዘንድ የተለመደው ግን ይኸው ነው፦ ትዕይንቱ እንዲያስፈራ ሾቶቹ ይቆራረጣሉ፣ ከሥር አስደንጋጭ ሙዚቃ ይገባል፣ ተመልካቹም ማን ምን እንደሚፈራ ሳይገባው ፊልሙ ያልቃል። ውጥረት የሚመጣው ተመልካቹ ከሚያውቀው ነገርና ካወቀበት ጊዜ ነው።

የፊልም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ጉዳዩን በቦምብ አስረድቶታል። ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ ቦምብ ሳይታሰብ ቢፈነዳ ተመልካቹ ለጥቂት ሰከንድ ይደነግጣል። ቦምቡን አስቀድሞ ካየው ግን ሰዎቹ ተራ ወሬ ሲያወሩም ይጨነቃል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሾት ቦታ ነው።

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ አካባቢ የሚቀረጽ የአምስት ደቂቃ ፊልም ይታሰብ። አንዲት ልጅ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ትሻገራለች፤ ከማዶ አንድ ሰው ይጠብቃታል። ሰውየው የድልድዩ ጫፍ ላይ ድንገት ብቅ ቢል የሚገኘው ድንጋጤ ብቻ ነው። ልጅቷ ድልድዩን ሳትረግጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ከታየ ግን የእርምጃዋ 20 ሰከንድ ሳይቆረጥ ሊቆይ ይችላል፤ የተማሪ እጅ የሚቸኩለውም እዚህ ላይ ነው። ካሜራው ወደ ሰውየው ሁለት ጊዜ ከተመለሰ በኋላ ሦስተኛው ሾት ባዶውን ድንጋይ ቢያሳይ፣ ከዚያ ወዲያ ሙዚቃ አያስፈልግም።

ድምፅም የራሱ ሥራ አለው። ከድልድዩ ወደ ፏፏቴው በቀረቡ መጠን ጩኸቱ ስለሚበረታ ልጅቷ ከኋላዋ ያለውን ኮቴ አትሰማም፤ ቦታው ራሱ ለኤዲተሩ ያገዘው ይመስላል። ነገር ግን በየሾቱ የተቀዳው የውኃ ድምፅ መጠኑ ስለሚለያይ እያንዳንዱ ካት በጆሮ ይታወቃል። መፍትሔው የፏፏቴውን ድምፅ ብቻውን ለደቂቃዎች ቀድቶ በትዕይንቱ ሁሉ ሥር ማንጠፍ ነው።

ከድምፅ ይልቅ የሚያስቸግረው ውኃው ነው። ዓባይ በነሐሴና በመስከረም ይሞላል፣ በበጋ ይሳሳል፤ በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ2001 ሥራ የጀመሩት ሁለቱ የኃይል ማመንጫዎች ውኃ ሲወስዱበት ቆይተዋል። በተለያየ ወር የተቀረጹ ሾቶች ስለማይገጥሙ ፏፏቴውን በአንድ ሰፊ ሾት አሳይቶ ቀሪውን በክሎዝ አፕ መያዝ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለተማሪ ፊልም ይበዛል ብሎ ማቃለል አይገባም። የጎንደሩ ተወላጅ ዳይሬክተር ኃይሌ ገሪማ በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (UCLA) ተማሪ ሳለ የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የተጠናቀቀው «ቡሽ ማማ» የተማሪ ሥራ ነበር። ልብ አንጠልጣይ ፊልም አይደለም፤ ሆኖም ፖሊሶች የራሱን የቀረጻ ቡድን በእውን አስቁመው ሲፈትሹ የተነሣው ምስል በፊልሙ መግቢያ ላይ ገብቷል። ተመልካቹ የባለታሪኳን የዶሮቲን ኑሮ የሚያየው ያንን ምስል በዓይኑ ይዞ ነው። ያው ምስል መሐል ላይ ቢገባ ኖሮ አንድ ተጨማሪ ትዕይንት ብቻ ይሆን ነበር።

ስለዚህ የጢስ ዓባዩ ፊልም የመጀመሪያ ቅንብር ያለ ሙዚቃ፣ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው መታየት አለበት። ያ ሰው ልጅቷ ድልድዩ ላይ ስትወጣ ካልተጨነቀ መስተካከል ያለበት የሾቶቹ ቅደም ተከተል ነው።