ሠርገኛ ሳይመጣ በርበሬ እንቀንጥስ

ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ባሉት ሳምንታትና ከፋሲካ በኋላ የአዲስ አበባ አዳራሾች በሠርግ ይጨናነቃሉ። የድግሱ ዋጋ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ቀድሞ 57 ብር ግድም ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚገባው ቬሎ፣ ሱፍና የምግብ ዘይት ይህንኑ ተከትሎ ተወድዷል። ደመወዝ በዚያው ልክ አልጨመረም። ታዲያ ትዳርን በዕዳ ከመጀመር ይልቅ «ሠርጉን አገር ቤት፣ በወላጆቻችን ግቢ እናድርገው» የሚሉ ወጣቶች ቢኖሩ አይገርምም።

ሐሳቡ መልካም ነው። ሆኖም አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። የገጠር ሠርግ ርካሽ የሚመስለን ወጪው በገንዘብ ስለማይቆጠር ነው። ዳሱን የሚጥለው፣ እንጨቱን የሚፈልጠው፣ እንጀራውን የሚጋግረው ጎረቤትና ዘመድ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ የሚባለውም ለዚህ ነው። ይህ እገዛ ግን ስጦታ ብቻ ሳይሆን ብድርም ነው፤ በጎረቤት ድግስና ሐዘን ይመለሳል። ለዓመታት በከተማ የኖረው ሙሽራ ከብድሩ ውስጥ የለበትም። የሚከፍሉለት እናትና አባቱ ናቸው።

ለመሆኑ ምን ይደረግ? ዕቅዱ ከጌጣጌጥ ሳይሆን ከተጋባዥ ቁጥር ይጀምር። ዳስና ማስጌጫ ከአዲስ አበባ አስጭኖ ገጠር ማስመሰል ከአዳራሹ የባሰ ሊያስወጣ ይችላል። ለብዙው ደጋ አገር ጥር ተመራጭ ነው፤ እህሉ ገብቷል፣ ሰው እጁን ፈታ ያደርጋል፣ ዝናብም ብዙ አያሰጋም። በሚያዝያ ግን የበልግ ዝናብ ሊመጣ ስለሚችል ሸራ ያስፈልጋል። በርበሬና ሽሮ ቀደም ብለው ይዘጋጃሉ፤ ጠጁም እስኪደርስ ሳምንታት ይፈልጋል። ድስት፣ አግዳሚ ወንበርና ድንኳን ከእድር መጠየቅ ይቻላል። ውኃው፣ መጸዳጃውና የመንገዱ ሰላም አስቀድመው ይታሰቡ። ከሁሉም በላይ ሙሽሮቹ ከጓደኞቻቸው ጋር ቀድመው ሄደው ሥራውን ይጋሩ፤ እንደ እንግዳ ደርሰው እንደ እንግዳ አይመለሱ።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በባህል ሥርዓት የሚፈጸሙ ጋብቻዎችን ያውቃል። ዕድሜንና የተጋቢዎችን ፈቃድ ይጠይቃል እንጂ ድግስ አያዝም። ድግሱ የእኛ ምርጫ ነው። በጎረቤት ጉልበት ለመዳር የመረጠ ሰው ግን፣ በሚቀጥለው ዓመት የጎረቤቱ ልጅ ሲያገባ ከዳሱ ሥር መገኘት አለበት። ይህን በሕግ የሚያስገድደው ባይኖርም፣ ቀርቶ እንደሆነ ወላጆቹ ይጠየቁበታል።