ትርፍ ልብስም ስንቅ ነው

በዕረፍት ቀን ማለዳ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከኮተቤና ከየካ ሚካኤል ዙሪያ ሽቅብ የሚጓዘውን ሰው ያየ ሁሉ የአዲስ አበባ ነዋሪ ተራራውን እየወደደው መሆኑን ይረዳል። የእንጦጦ ፓርክ በመስከረም 2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ መንገዱም ተጓዡም በርክቷል። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች፣ የአንድ ሰፈር ልጆች፣ በቴሌግራም የተጠራሩ ወጣቶች አብረው ይወጣሉ፤ ልምዱ የጠናላቸው ወደ መናገሻ ሱባና ወደ ወንጪ ዘልቀው ድንኳን ተክለው ያድራሉ። ይህ ሊበረታታ የሚገባው ልማድ ነው። ሆኖም የብዙዎቹ ቦርሳ ቢፈተሽ የሚገኘው ውኃ፣ ቆሎ ወይም ዳቦ፣ ስልክና ፓወር ባንክ ነው። ለሆድ የሚሆነው አይረሳም፤ የሚረሳው ደረቅ ልብስ ነው። የእንጦጦ ተጓዥ ልብሱን የሚመርጠው ሽቅብ ሲወጣ በሚሞቀው ልክ ነው። መምረጥ የሚገባው ግን ቆሞ፣ ረጥቦና መሽቶበት በሚበርደው ልክ ነው። ትርፍ ልብስ ከውኃና ከምግብ እኩል የጉዞው ስንቅ ሆኖ መቆጠር አለበት።

እንጦጦ ለከተማው ቅርብ መሆኑ ያዘናጋል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን የእንጦጦ ጫፍ 3,200 ሜትር ያህል ይደርሳል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይቀዘቅዛል፤ በአማካይ ለየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይወርዳል። ስለዚህ ቦሌ ላይ በስስ ቲሸርት የሚያስኬደው አየር ጫፉ ላይ ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ቀንሶ ይጠብቃል። ነፋሱ ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል፤ 5 ዲግሪ በሆነ አየር ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ነፋስ ቢነሣ ገላ የሚሰማው ብርድ ዜሮ ዲግሪ እንደሆነ ያህል ነው። ታሪክም የዚህን ተራራ ብርድ ይመሰክራል። ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን እንጦጦ ላይ አድርገው ነበር፤ በ1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑትም በእንጦጦ ማርያም ነው። ነገር ግን ብርዱ፣ ነፋሱና የማገዶው እጥረት ከተማውን አላጸናውም። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍል ውኃው ባለበት ዝቅ ያለ ሜዳ አዲስ አበባን ቆረቆሩ፤ መኳንንቱም ሠራዊቱም ቀስ በቀስ ተከትለው ወረዱ። ካባና በርኖስ የማይቸግረው ቤተ መንግሥት ትቶት የወረደውን ብርድ አንድ ስስ ቲሸርት ይመክተዋል ማለት አያስኬድም።

ሽቅብ የሚወጣ ሰው ብርድ አይሰማውም። ጡንቻው በሠራ ቁጥር ሙቀት ያመነጫል፤ ገላውም ሙቀቱን ለማስወጣት ያልበዋል። ችግሩ የሚጀምረው ሰውየው ቁጭ ሲል፣ ፎቶ ለመነሣት ሲሰለፍ ወይም ወደ ኋላ የቀረ ጓደኛውን ሲጠብቅ ነው። የሙቀቱ ምንጭ ይቆማል፤ ያላበው ልብስ ግን እንደ ረጠበ ጀርባው ላይ ይቀራል። ውኃ ከአየር ይልቅ 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ሙቀትን ስለሚያስተላልፍ የረጠበ ልብስ ከገላ ሙቀት ይመጥጣል። ከሁሉ የሚብሰው ጥጥ ነው፤ ውኃውን ጠጥቶ ይይዛል፣ ለመድረቅም ይዘገያል። ጂንስ ሱሪም ሲርስ የሚከብደውና የሚቀዘቅዘው በዚሁ ምክንያት ነው። ሱፍ ግን ረጥቦም ቢሆን ሙቀቱን በከፊል ይጠብቃል። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሐኪሞች ሃይፖተርሚያ ብለው የሚጠሩት አደጋ ይመጣል። ለዚህ የግድ በረዶ አያስፈልግም፤ ዝናብ፣ ነፋስና ድካም በአንድነት ከመጡ አየሩ ከዜሮ በላይ ቢሆንም ይበቃሉ። ምልክቱ መንቀጥቀጥ፣ የእጅ መደንዘዝ፣ የአንደበት መተሳሰርና የሐሳብ መበታተን ነው። ስለዚህ የተጎዳው ሰው ራሱ መጎዳቱን ላያውቅ ይችላል፤ ልብሱ አስቀድሞ በቦርሳው ውስጥ መገኘት ያለበትም ለዚህ ነው።

ወቅት መርጦ መውጣት ብቻውን ከዚህ አያድንም። በሐምሌና በነሐሴ ማለዳው ብሩህ ሆኖ ከቀትር በኋላ ነጎድጓድና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መውረዱ የታወቀ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ አይቶ የዝናብ ልብሱን ቤት ጥሎ የወጣ ሰው ሲመለስ ይርሳል። ዝናብ የሌለበት የኅዳር፣ የታኅሣሥና የጥር ወራት ደግሞ ሌላ ፈተና አለባቸው። ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት የሚይዝላት ደመና አይኖርም፤ ማታ ሙቀቱ በፍጥነት ይበተናል፣ የሌሊቱም ቅዝቃዜ በከፍታው ላይ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሊጠጋ ይችላል። የሥነ ፈለክ መመልከቻው በእንጦጦ አናት ላይ የተተከለው ለከዋክብት ጥናት ጥርት ያለ ሰማይ ስለሚያስፈልግ ነው። ለቴሌስኮፕ የተመቸው ሌሊት ድንኳን ውስጥ ላደረ ሰው ብርዱ የጸና ነው። ፀሐይም በእኛ አገር ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች፤ ከጠለቀች በኋላ ጨለማው ቶሎ ይወርዳል፣ በባሕር ዛፉ ሥር ደግሞ ይፈጥናል።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሕዝባችን በሌላ ስፍራ አሳምሮ ያውቀዋል። በእንጦጦ ማርያም ወይም በኪዳነ ምሕረት ጠበል ሊጠመቅ የሚሄድ ሰው ደረቅ ልብስና ጋቢ ሳይዝ አይወጣም። መርጠቡን አስቀድሞ ስለሚያውቅ የሚለብሰውን ያዘጋጃል። ጥር 10 ቀን የከተራ ዕለት በጃን ሜዳ ከታቦታቱ ጋር የሚያድረው ምእመንም ጋቢና ብርድ ልብሱን ይዞ ይመጣል፤ ሜዳ ላይ ማደር ምን እንደሚጠይቅ ከወላጆቹ ተምሯል። የመንዝ ሰው ከዚህም አልፎ ልብሱን ለሥራውና ለአየሩ ለይቷል፤ ለብርዱ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና፣ ለዝናቡ ከሣር የተጎነጎነ ገሳ አለው። አንዱ ሙቀት ይይዛል፣ ሌላው ውኃ ይመልሳል። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ሹራብና የዝናብ ጃኬት የሚሠራው ይህንኑ ሥራ ነው። የእግር ጉዞ እንደ አዲስ መዝናኛ ወደ ከተማችን ሲገባ ግን ይህ እውቀት አብሮት አልወጣም፤ መዝናናት የተባለ ነገር ዝግጅት የማይሻ መሰለን።

ታዲያ ምን ይያዝ? በአሜሪካዋ የሲያትል ከተማ የሚገኘው ዘ ማውንቴነርስ የተባለው የተራራ ወጪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለማንኛውም ተጓዥ ያስፈልጋሉ ያላቸውን አሥር ነገሮች ዘርዝሮ ነበር። ከካርታ፣ ከኮምፓስ፣ ከባትሪና ከመጀመሪያ ሕክምና ዕቃ ጋር ትርፍ ልብስ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ዝርዝሩን እንዳለ መቅዳት ግን አይገባም። እሳት ማቀጣጠያ በዚያ ዝርዝር ውስጥ አለ፤ በእንጦጦ ግን እሳት የብርድ መድኃኒት ሊሆን አይገባም። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት አለው፤ በበጋ መሬት ላይ የተከመረው ደረቅ ቅጠል በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ ነፋስ ካገኘም ጫካውን ሊያዳርስ ይችላል። እዚህ ተራራ ላይ እሳትን የሚተካው ልብስ ነው። ለቀን ጉዞ የሚበቃውም ጥቂት ነው፦ ላብ ያረሰውን የሚቀይር ደረቅ ከነቴራ፣ የሱፍ ሹራብ፣ ነፋስና ዝናብ የሚመልስ ጃኬት፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ፣ አንድ ጥንድ ካልሲና የእጅ ወይም የግንባር ባትሪ። እነዚህ በጠንካራ ፌስታል ተቋጥረው ቦርሳው ውስጥ ይግቡ፤ ተሸክመውት የረጠበ ትርፍ ልብስ ከንቱ ሸክም ነውና።

የመጀመሪያው ተቃውሞ የሚታወቅ ነው፤ ከተማው እግራችን ሥር ነው፣ ቢበርደን ወርደን ታክሲ እንይዛለን ይባላል። ይህ የሚሠራው እግሩ ጤነኛ ለሆነና መንገዱ ለጠራለት ሰው ብቻ ነው። አንድ ሰው ጭቃ አንሸራትቶት ቁርጭምጭሚቱን ወለም ቢለው ግማሽ ሰዓት የነበረው ቁልቁለት ሰዓታት ይወስዳል። እሱ ብቻ አይደለም፤ ደግፈው የሚያወርዱት፣ ቆመው የሚጠብቁትም አብረውት ይቀዘቅዛሉ። ጉም ሲወርድም የከተማው መብራት ከዓይን ይጠፋል። ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው፤ አትሌቶቻችን በዚሁ ተራራ በቀላል ልብስ ይሮጣሉ፣ የባሕር ዛፍ ማገዶ አዝለው የሚወርዱ እናቶችም በነጠላና በላስቲክ ጫማ ይመላለሳሉ፣ ታዲያ ለአንድ ቀን ሽርሽር ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል የሚል ነው። አትሌቶቹን ልብ ብሎ ላየ ግን ማስረጃው ወደ ተቃራኒው ያዘነብላል። ማለዳ ልምምድ ሲጀምሩ ቱታ ደርበው ነው፤ ሲጨርሱም ያላበውን አውልቀው ደረቅ ይለብሳሉ፤ ብዙዎቹንም የክለባቸው መኪና ይጠብቃቸዋል። ማገዶ የሚሸከሙት እናቶች ደግሞ እንዲያ የሚሄዱት ስላጡ ነው። የእነሱ መከራ ለሌላው የአለባበስ መለኪያ ሊሆን አይችልም፤ ሊቀር የሚገባው ችግር ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ክብደት ነው፤ ቦርሳ የከበደበት ሰው ቶሎ ይደክማል፣ የደከመም ይወድቃል። ይህ እውነት ነው፤ መልሱም ልብስ ማብዛት አይደለም። ሁለት ጂንስ፣ ሦስት ቲሸርትና ወፍራም ካፖርት ጭኖ የሚወጣ ሰው እንደ ባዶ እጁ ወጪ ሁሉ ተሳስቷል። እያንዳንዱ ዕቃ ቦርሳው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ብረጥብ፣ ብቆም ወይም ቢመሽብኝ ምን ይጠቅመኛል ተብሎ ይጠየቅ፤ ለአንዱም መልስ ከሌለው ቤት ይቅር። ከላይ የተዘረዘሩት በአንድነት ቢመዘኑ ከአንድ ኪሎ ተኩል ብዙ አይበልጡም፤ ይህም የአንድ ተኩል ሊትር ውኃ ክብደት ነው። አራተኛው ተቃውሞ ዋጋ ነው፤ ይህም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ከውጭ የሚመጣ የተራራ ልብስ ለብዙ ወጣት የማይደፈር ነው። ነገር ግን የሚያስፈልገው ስሙ የተጠራ ጃኬት አይደለም፤ ከሰልባጅ ተራ የተገዛ የሱፍ ሹራብ ከአዲስ የጥጥ ሹራብ ይልቅ በዝናብ ቀን ያገለግላል። ጋቢስ አይበቃም ወይ ለሚሉም፣ በአራት ድርብ የተሠራው ጋቢ ደርቆ እስከቆየ ድረስ ግሩም መጠቅለያ ነው። ጥጥ ስለሆነ ግን ዝናብ ካገኘው ከብዶ ይቀዘቅዛል፤ ለድንኳን ውስጥ ይያዝ፣ ለመንገዱ ዝናብ ግን አይታመኑበት።

ለማደር የሚወጡ ሰዎች ሌላ ተጨማሪ ግዴታ አለባቸው። ተኝቶ ያደረ ሰው ሙቀቱን ከላይ ለአየሩ፣ ከታች ለመሬቱ ያስረክባል፤ በተለይ መሬቱ ቀዝቃዛና እርጥብ ከሆነ ከላይ የተደራረበው ብርድ ልብስ ብቻውን አይረዳም። ስለዚህ ከሥር የሚነጠፍ ስፖንጅ ወይም ፍራሽ፣ ለመኝታ ብቻ የተለየ ደረቅ ልብስና የሱፍ ካልሲ ያስፈልጋል። በቀኑ ጉዞ የተለበሰውን ይዞ ወደ ስሊፒንግ ባግ መግባት ላቡን ይዞ ማደር ነው። በዓለም ቅርስነት በ1978 እ.ኤ.አ. የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዚህ ረገድ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። ሳንቃበር የተባለው የድንኳን ስፍራው 3,250 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከእንጦጦ ጫፍ ጋር የሚቀራረብ ከፍታ ማለት ነው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ግን ደባርቅ ላይ ስካውትና መንገድ መሪ ይዞ፣ የሚያድርበትን ዕቃ በበቅሎ አስጭኖ ነው የሚነሣው። ከፍታው ከተቀራረበ ዝግጅቱም ሊቀራረብ ይገባል፤ ልዩነቱ እንጦጦ በቅሎ ጫኝ የሌለው በመሆኑ እያንዳንዱ የራሱን መሸከሙ ነው።

ኃላፊነቱ በተጓዡ ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም። ቡድን የሚያሰባስቡ ሰዎች የመነሻ ሰዓትና የመጓጓዣ ዋጋ በሚያስታውቁበት ማስታወቂያ ላይ የሚያዘውን ልብስም ቢጽፉ፣ ከመነሣታቸው በፊትም ቦርሳውን ቢፈትሹ ትልቅ ሥራ ሠሩ። ለሁሉም የሚሆን ትርፍ ለመግዛት የማይችል ቡድን ደግሞ በጋራ ሁለት ሹራብ፣ አንድ ብርድ ልብስና ሁለት ባትሪ ሊይዝ ይችላል፤ በማዋጣት ዕድርና ዕቁብ ያቆመ ሕዝብ ይህ አይከብደውም። ፓርኩን የሚያስተዳድሩትም የዝናብ ልብስና ብርድ ልብስ በመጠነኛ ኪራይ የሚገኝበት ቦታ በመግቢያው ላይ ቢያዘጋጁ፣ የዕለቱን የተራራ አየር በሰሌዳ ቢያሳውቁ ብዙ ሰው ከጉዳት ይድናል። ወደ እንጦጦ የምትወጡ ሁሉ ዛሬውኑ ቦርሳችሁን ክፈቱና ደረቅ ከነቴራ፣ ሹራብ፣ የዝናብ ጃኬትና ባትሪ አስገቡበት፤ ከጎናችሁ ለሚሄደው ያልያዘ ጓደኛም አንድ ጨምሩ።