ማን ተናገረ? ማን በላ?

ሰሞኑን ከመካከላችን አንዷ የመሥሪያ ቤቷን ስብሰባ በስልኳ ቀድታ መጣች። ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ! ቃለ ጉባኤ ያዥ አድርገዋታል። ጋዜጠኝነት የተማርን ሰዎች ድምፅ ቁጭ ብሎ ወደ ወረቀት መገልበጥ ምን እንደሆነ እናውቃለንና ከልባችን አዘንንላት። እሷ ግን ሳቀችብን። ድምፁን ኢንተርኔት ላይ ላለ ማሽን ሰጠችው፤ አቦሉን ጠጥተን ቶናው ሳይደርስ ጽሑፉ ከች አለ።

አቤት ጽሑፍ! ስድስት ሰው የተነጋገረበት ስብሰባ «ተናጋሪ 1፣ ተናጋሪ 2፣ ተናጋሪ 3» ሆኖ ቀርቷል። እንደኛው ከተሜ አማርኛን ከእንግሊዝኛ የቀየጠው ሁሉ ትርጉም የለሽ ፊደል ሆኗል። ይሄ እንኳ ያስቃል። የማያስቀው «አልተስማማንም» ያለው የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ «ተስማማን» ማለቱ ነው። አንዲት «አል» እና አንዲት «ም» ተዋጡ፤ ሰውዬውም ባልተስማማበት ነገር ተስማማ።

ማሽኑን ብቻ አንረግምም። በመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ዊስፐር የተባለው መሣሪያ የተማረው ከ680 ሺህ ሰዓት ድምፅ ሲሆን፣ 438 ሺህ ያህሉ እንግሊዝኛ ነው። አማርኛም ከቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ዝርዝር ውስጥ መግባትና መሰማት ግን ለየቅል ናቸው። የራሳችን ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ሥራ ያዘጋጁት የአማርኛ ድምፅ ክምችት 20 ሰዓት ገደማ ነበር፤ እሱም ከጽሑፍ የተነበበ እንጂ እየተሻሙ የሚነጋገሩበት ስብሰባ አይደለም።

ማሽኑ በትክክል ቢገለብጠውም ሌላ ጣጣ አለ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ይሰማል» ተብሎ ሲጻፍ ሰውዬው ሰሚ ነው ወይስ የሚሰማ? «ይመታል» ሲባልስ መቺው ነው ተመቺው? ስብሰባው ላይ የተቀመጠ ሰው ያውቃል፤ ወረቀቱን ብቻ የሚያነብ አለቃ ግን ይገምታል።

ይቺው ጓደኛችን ሌላም ማሽን ይዛለች። እናቷ ስኳር አለባቸው። ሐኪም «ምግብዎን ይቁጠሩ» ሲላቸው ልጅ ምግብ የሚቆጥር አፕ ስልካቸው ላይ ጫነች። እትዬ «አንድ እንጀራ» ብለው ይጠይቁታል። የትኛው እንጀራ? የቤታቸው ምጣድ የሚያወጣው ነው የሱቁ? ነጭ ጤፍ ነው ሩዝ የተቀላቀለበት? የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምግብ መረጃ ቋት ጥሬ ጤፍ በ100 ግራም 367 ካሎሪ፣ የተቀቀለ ጤፍ ደግሞ 101 ካሎሪ እንዳለው ይናገራል። ቦክቶ የተጋገረው እንጀራ ከሁለቱም አንዱን አይደለም። ልጅት በጥሬው ስትቆጥርላቸው ከርማለች፤ እናትየዋም ቁጥሩ አስደንግጧቸው ለሁለት ሳምንት ምሳ ቀንሰዋል። መድኃኒት እየወሰደ ምግብ የሚቀንስ የስኳር ሕመምተኛ ምን ሊደርስበት እንደሚችል ሐኪም ይንገራችሁ።

ደግሞም እትዬ ከትሪ ነው የሚበሉት። ጎረቤት ያጎረሰቻቸው በማን ሒሳብ ይያዝ? ሁለቱም ማሽኖች የተሠሩት ሰው ተራ ጠብቆ ለሚናገርበትና ሁሉም የየራሱን ሳህን ለሚይዝበት ቤት ነው።

የሚያናድደን ግን ሌላ ነው። ለኢትዮጵያ ምግቦች የተዘጋጀ የንጥረ ነገር ሠንጠረዥ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ! በ1990ዎቹም የያኔው የጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ተከታዮቹን አሳትሟል። እንጀራም ሽሮ ወጥም እዚያ ውስጥ ተለክተዋል። እኛ ፈልገን ያገኘነው ግን ከወረቀት ስካን የተደረገ ቅጂ ነው፤ እትዬ በስልካቸው ሊጠይቁት አይችሉም። ያንን ሠንጠረዥ ስልክ በሚያነበው መልክ፣ «ግማሽ እንጀራ» በሚል መስፈሪያ ማውጣት ስንት ያስወጣል? የሬዲዮ ጣቢያዎቻችንስ የተጻፈውን ዜና ከተነበበው ድምፅ ጋር አጣምረው ለተመራማሪዎች ቢሰጡ ምን ይጎድልባቸዋል? ውጭ አገር ያለው ኩባንያ እንዲያስብልን መጠበቁ ይብቃን።

እስከዚያው እትዬ የወጥ ቤት ሚዛን ተገዝቶላቸዋል፤ «እንጀራ በሚዛን!» እያሉ ይስቃሉ። የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ ቃለ ጉባኤው ላይ አልፈርምም ብሏል፤ እውነቱን ነው። ጓደኛችን ዛሬ ማታ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ድምፁን ከመጀመሪያው ልትጀምር ነው።