ወደብ ያለ ሕዝብ አይለማም

የአንድ አገር ወደብ የመላው ሕዝብ ሀብት ሊባል የሚገባው መርከብ ስለ በዛበት ብቻ አይደለም፤ ገቢው ከከተማው ዳርቻ አልፎ እስከ ሩቁ ወረዳ ሲደርስ ነው። የጅቡቲ ታሪክ ይህን ለአስተዳዳሪም ለነጋዴም በግልጥ ያስተምራል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የፈረንሳይ ገዢዎች ሁለቱን ታላላቅ ወገኖች፥ አፋርንና ኢሳን፥ በየተራ እያቀረቡና እያራቁ ይገዙ ነበር። በ1966 ጄኔራል ደጎል በጎበኙ ጊዜ ሁከት ቢነሣ ከተማዪቱ በሽቦ አጥር ተከበበች። በ1967 ሕዝበ ውሳኔ ከተደረገ በኋላም አገሪቱ «የአፋሮችና የኢሳዎች የፈረንሳይ ግዛት» ተባለች። ከአጥሩ ውጭ የቀሩት ድኾች የሠፈሩበት ባልባላ ዛሬ የከተማዪቱ ሰፊ ክፍል ሆኗል።

በ1977 ነጻነት ሲገኝ ሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን ፕሬዚዳንት፥ የአፋር ተወላጁ አሕመድ ዲኒ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ነገር ግን አሕመድ ዲኒ ዓመቱ ሳያልቅ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ከዚያም ወዲህ የጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ወንበር ለአፋር ተወላጅ መስጠት ልማድ ሆነ። ይሁን እንጂ ወንበር ብቻውን የውሃ ጉድጓድ አይቈፍርም፥ ትምህርት ቤትም አይሠራም። በ1991 ከሥልጣንና ከልማት ተገለልን ያሉ የአፋር ታጣቂዎች በሰሜን ጦርነት ጀመሩ። በ1994 ከአንደኛው ክፍል፥ በ2001 ደግሞ በአሕመድ ዲኒ ከሚመራው ክፍል ጋር ዕርቅ ተፈረመ።

በዚህ መካከል ሀብት መጣ። ከ1998ቱ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ወዲህ የኢትዮጵያ ንግድ ከአሰብ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ የዶራሌ ወደብ ተሠራ፤ በ2016 በኤሌክትሪክ የሚሄደው የአዲስ አበባ ባቡር ተመረቀ፤ የውጭ መንግሥታትም ለጦር ሰፈር ኪራይ ይከፍላሉ። ይህ ሁሉ ግን በአንዲት ከተማ ተከማችቷል።

«ጥልቅ ባሕርና ሐዲድ ያለው በዚያ ነው፤ ጥቂቱን ገንዘብ መበተን ማባከን ነው» የሚሉ አሉ። አነጋገራቸው ከፊል እውነት አለው። ነገር ግን በ2017 በሰሜን የተከፈተው የታጁራ ወደብ ሌላ በር መኖሩን ያሳያል፤ የሚቀረው ጭነትና መንገድ፥ እንዲሁም ሥራውን የሚሠሩ የአካባቢው ልጆች ናቸው።

ነገሩ የጅቡቲ ብቻ አይደለም። በሐምሌ 2021 በኢትዮጵያ የአፋርና የሶማሌ ክልሎች ግጭት ሳቢያ ወደ ወደቡ የሚወስደው መንገድና ሐዲድ ተዘግቶ ነበር። በወሰን ላይ የፈሰሰው ደም የነጋዴውን ዕቃ በመንገድ ያስቀራል።

ስለዚህ የወደቡና የጦር ሰፈሮቹ ገቢ በየዓመቱ ለሕዝብ ቢገለጥ፥ ለየአውራጃውም የታወቀ ድርሻ ቢቈረጥለት፥ የወደብ ሥራ በጎሣ ሳይሆን በፈተና ቢሰጥ፥ በታጁራና በኦቦክ የእጅ ሙያ ትምህርት ቢስፋፋ ዕርቁ ከወረቀት ወደ ኑሮ ይሻገራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፥ ሸክሙን ወደ ጌጥ መለወጥ የአስተዳዳሪዎች ተግባር ነው።