ከካርድ ክፍያው ባሻገር፦ በካርቲየ ሰባት የሥነ አእምሮ ሐኪም ማየት ምን ያስከፍላል?

ስማቸው በቁጥር ከሚጠራው የጅቡቲ ከተማ ነባር ሰፈሮች አንዱ በሆነው ካርቲየ ሰባት፣ አማርኛ ከሶማልኛ፣ ከአፋርኛና ከዐረብኛ ጋር ተደባልቆ ይሰማል። በሰው ቤት የሚሠሩ፣ በቀን ሥራ የሚተዳደሩ፣ አነስተኛ ንግድ የሚያንቀሳቅሱ ኢትዮጵያውያን ትኩሳት ወይም ቁስል ሲያጋጥማቸው የት እንደሚሄዱ ያውቃሉ። እንቅልፍ የሚነሳ ጭንቀት፣ ከአልጋ የማያስነሳ ድባቴ፣ ወይም ሌላው ሰው የማይሰማውን ድምፅ መስማት ሲመጣ ግን መንገዱ ይጠፋል።

በዚህ ጊዜ ከሚነሡት አማራጮች አንዱ የግል የሥነ አእምሮ ሐኪም ነው። ብዙውን ጊዜ ቤተሰብ አስቀድሞ የሚጠይቀው የምርመራውን ዋጋ ነው። ይሁን እንጂ ሕክምናው ተጀምሮ እንዲቋረጥ የሚያደርገው በአብዛኛው የመጀመሪያው ቀን ክፍያ አይደለም። ከዚያ በኋላ ወር በወር የሚከተለው ወጪ ነው።

ሐኪሙ እንዴት ይሠለጥናል?

የሥነ አእምሮ ሐኪምና የሥነ ልቦና ባለሙያ በአንድ ስም ሲጠሩ ይሰማል፤ ሥልጠናቸው ግን የተለያየ ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪም አስቀድሞ ጠቅላላ ሕክምና ተምሮ በኋላ በአእምሮ ሕመም ስፔሻላይዝ ያደረገ ሐኪም ሲሆን መድኃኒት ያዝዛል፣ ሆስፒታል ያስተኛል። የሥነ ልቦና ባለሙያ በበኩሉ በንግግር ሕክምናና በሥነ ልቦና ምዘና ላይ የሠለጠነ ሲሆን በአብዛኞቹ አገሮች መድኃኒት አያዝዝም።

የሐኪሙ ሥልጠና ረጅም ነው። የጅቡቲን የጤና ሥርዓት በእጅጉ በቀረጸችው ፈረንሳይ፣ ከስድስት ዓመት መሠረታዊ የሕክምና ትምህርት በኋላ ቢያንስ አራት ዓመት የስፔሻሊቲ ሥልጠና ይከተላል። ጅቡቲ የራሷን የሕክምና ትምህርት ቤት የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። አንድ ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ ጠቅላላ ሐኪም ለማውጣት ዓመታት ይወስዳል፤ ከእነዚያ መካከል የአእምሮ ሕክምናን የሚመርጥ ስፔሻሊስት ለማፍራት ደግሞ ሌሎች ዓመታት ይጨመራሉ።

የኢትዮጵያ ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው የአማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ሐኪሞች ስፔሻላይዝ የሚያደርጉት ውጭ አገር በመሄድ ነበር፤ የተወሰኑትም ሳይመለሱ ቀርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሦስት ዓመት የስፔሻሊቲ ሥልጠና ሲጀምር፣ ከ60 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በነበራት አገር የነበሩት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች 11 ብቻ ነበሩ። የካናዳ መምህራን በዓመት ለተወሰኑ ወራት እየተመላለሱ ያስተምሩ ስለነበር፣ ሠልጣኞቹ አገራቸውን ሳይለቁ፣ በራሳቸው ቋንቋ ከሚናገሩ ሕሙማን ጋር እየሠሩ ተማሩ። ቁጥራቸው ከዚያ ወዲህ ብዙ እጥፍ ቢያድግም ከሕዝቡ ብዛት አንጻር ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም በትልልቅ ከተሞች የተሰባሰቡ ናቸው።

የግል ሕክምና ውድ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አገሮች ከጤና በጀታቸው ለአእምሮ ጤና የሚመድቡት በአማካይ ሁለት በመቶ ገደማ ነው። በመንግሥት ተቋማት ያለው አገልግሎት ሲጠብ ፈላጊው ጥቂት ወደሆኑት የግል ሐኪሞች ይሄዳል።

በምርመራ ክፍሉ ውስጥ

ድባቴን ወይም ስኪዞፍሬኒያን በደም ምርመራ ማረጋገጥ አይቻልም። ሐኪሙ የሚሠራው በማዳመጥ፣ በመጠየቅና በማስተዋል ነው። ሕመሙ መቼ ጀመረ? እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት እንዴት ናቸው? በቤተሰብ ውስጥ ተመሳሳይ ሕመም ነበር? ጫት፣ አልኮል ወይም ሌላ ነገር ይወስዳል? ራስን የማጥፋት ሐሳብ አለ? የመጀመሪያው ቀጠሮ በአግባቡ ከተሠራ አንድ ሰዓት ያህል ሊወስድ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሌላ ሐኪም በርካታ ሕሙማንን ሊያይ ስለሚችል የሥነ አእምሮ ሐኪም ዋና ወጪ ጊዜው ነው።

የላቦራቶሪ ምርመራ የሚታዘዘው ሌሎች ምክንያቶችን ለመለየት ነው። የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ የደም ማነስ፣ የሚጥል በሽታ፣ ኤች አይ ቪ ወይም ቂጥኝ የአእምሮ ሕመም የሚመስል ምልክት ሊያሳዩ ይችላሉ። ይህም ከምርመራው ዋጋ ተለይቶ የሚከፈል ነው።

የጫት ጥያቄ በጅቡቲ የተለየ ክብደት አለው። ከኢትዮጵያ በየቀኑ የሚገባው ጫት የከተማዋ የከሰዓት ሕይወት አካል ነው። በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ ሲሆን፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ ተጋላጭ በሆኑ ሰዎች ላይም የጥርጣሬና የቅዠት ምልክቶችን ሊያባብስ ይችላል። ታማሚው ይህን ደብቆ ከወጣ የታዘዘለት መድኃኒት የሚጠበቀውን ያህል ላይሠራ ይችላል።

ወጪው ከየት ከየት ይመጣል?

የጅቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ ከአሜሪካ ዶላር ጋር በቋሚ ተመን የተሳሰረ ሲሆን፣ አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው። ስሌቱን ለማሳየት ያህል፣ አንድ ቀጠሮ 10 ሺህ ፍራንክ ያስከፍላል ቢባል 56 ዶላር ገደማ ይሆናል። ለመንግሥት ሠራተኞች የተቀመጠው ዝቅተኛ ወርኃዊ ደመወዝ 35 ሺህ ፍራንክ፣ ማለትም 197 ዶላር ገደማ ነው። በዚህ ስሌት አንድ ቀጠሮ የዝቅተኛው ተከፋይ የስምንት ቀን ደመወዝ ይበላል። ያለ ውል በሰው ቤት የምትሠራ ኢትዮጵያዊት ደግሞ ይህ ዝቅተኛ ወለል እንኳን የላትም።

ሕክምናው በአንድ ቀጠሮ አያበቃም። የድባቴ መድኃኒቶች ውጤታቸው መታየት የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላም መድኃኒቱ ከ9 እስከ 12 ወር እንዲቀጥል ይመክራል። የመጀመሪያ የሳይኮሲስ ሕመም ላጋጠመው ሰውም ቢያንስ የ12 ወር ክትትል ያስፈልጋል። በወር አንድ ጊዜ ብቻ ቀጠሮ ቢኖር እንኳ ከላይ ያለው ምሳሌ በዓመት 120 ሺህ ፍራንክ ይደርሳል፤ መድኃኒቱ፣ ምርመራው፣ ትራንስፖርቱና ታማሚውም ሆነ አስታማሚው ከሥራ የቀሩበት ቀን ሳይታሰብ።

ብዙዎች ሕክምናውን የሚያቋርጡት ሲሻላቸው ነው። ጤነኛ ለሚመስል ሰው ገንዘብ ማውጣት ለቤተሰብ ብክነት ሆኖ ይታያል። ከወራት በኋላ ሕመሙ ሲመለስ የሚከፈለው ግን ከተቆጠበው ይበልጣል፤ ሥራ ይጠፋል፣ አንዳንዴም ሕይወት ያልፋል።

ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2014 ሁሉን አቀፍ የጤና መድን ሕግ አውጥታለች። አቅም ለሌላቸው ነዋሪዎች የተዘጋጀ የድጋፍ መርሐ ግብርም አላት። መድን ግን በምዝገባና በሰነድ ላይ የቆመ ነው። ቀጣሪ ያላስመዘገበው ሠራተኛና የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ስደተኛ ከዚህ ጥላ ውጭ ይቀራሉ።

የአስተርጓሚው ችግር

የጅቡቲ ሐኪሞች የሚሠሩት በአብዛኛው በፈረንሳይኛ ነው። የተሰበረ እጅ ያለ ቃል ሊታከም ይችላል፤ ድባቴ ግን አይችልም። አንድ ታማሚ "ልቤን ከበደኝ" ወይም "ውስጤ ይቃጠላል" ቢል፣ ቃል በቃል የተተረጎመለት ሐኪም የልብ ሕመም ወይም የጨጓራ ቃጠሎ ሊፈልግ ይችላል።

አስተርጓሚው ብዙ ጊዜ ዘመድ፣ የመንደር ልጅ ወይም አሠሪ ነው። አንዲት የቤት ሠራተኛ በአሠሪዋ በኩል ስለ ደረሰባት በደል፣ አንድ ወጣት በአጎቱ ፊት ስለ ሱሱ ወይም ራሱን ስለማጥፋት ሐሳቡ ይናገራል ማለት ይከብዳል። ምሥጢር በሌለበት የሚገኘው የሕመም ታሪክ ጎዶሎ ነው፤ ጎዶሎ ታሪክም የተሳሳተ ሕክምና ሊያስከትል ይችላል።

ችግሩ ከነዋሪዎች ያልፋል። በየዓመቱ በርካታ ኢትዮጵያውያን በኦቦክ በኩል ወደ የመንና ሳዑዲ ዐረቢያ ለመሻገር ጅቡቲን ያቋርጣሉ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በሁለት ጀልባዎች፣ በጥቅምት 2024 መባቻ ደግሞ 310 ሰዎችን ጭነው ከየመን በተነሡ ጀልባዎች ላይ በደረሱ አደጋዎች በርካቶች በጅቡቲ የባሕር ዳርቻ ሕይወታቸውን አጥተዋል። በሕይወት የተረፉት የሚሸከሙት ሰቀቀን በቋንቋቸው የሚሰማቸው ሰው ይፈልጋል።

ድንበር ተሻግሮ መታከም

ለካርቲየ ሰባት ኢትዮጵያውያን የቋንቋው መልስ ድንበር ተሻግሮ ይገኛል። 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአዲስ አበባ-ጅቡቲ ባቡር መስመር በድሬዳዋ ያልፋል። ድሬዳዋ፣ ሐረር ወይም አዲስ አበባ ሄዶ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ መታከም ይቻላል።

የምንዛሪ ለውጡም ሒሳቡን ቀይሮታል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ብርን በገበያ እንዲወሰን ከመፍቀዷ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ስለነበር 10 ሺህ ፍራንክ 3,200 ብር ገደማ ያወጣ ነበር። ዶላር 130 ብር ሲደርስ ያው 10 ሺህ ፍራንክ ከ7,300 ብር በላይ ይሆናል። በፍራንክ ለሚያገኝ ሰው ኢትዮጵያ ውስጥ መታከም ረክሷል ማለት ነው። ይሁንና ከውጭ የሚገቡ መድኃኒቶች በብር ሲለኩ ስለሚወደዱ ትርፉ ሙሉ አይደለም። ሰነድ የሌለው ሰው ደግሞ ከወጣ በኋላ የመመለሱ ነገር ያሳስበዋል።

ታክሞ ለሚመለስ ሰው ሌሎች ጥንቃቄዎችም አሉ። የመድኃኒት የንግድ ስም ከአገር አገር ስለሚለያይ ማዘዣው በመድኃኒቱ ዋና ስም መጻፉ ይጠቅማል። እንደ ዳያዜፓም ያሉ ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች ያለ ማዘዣ ድንበር ላይ ችግር ሊያስከትሉ ይችላሉ። ለባይፖላር ሕመም የሚሰጠው ሊቲየም ደግሞ በጅቡቲ የበጋ ሙቀት የተለየ ክትትል ይሻል። ሰውነት ውኃ ሲያጣ የመድኃኒቱ መጠን በደም ውስጥ ጨምሮ ሊመርዝ ስለሚችል በየጊዜው የደም ምርመራ ያስፈልጋል። ክሎርፕሮማዚንም ሰውነት ሙቀትን የመቋቋም አቅሙን ይቀንሳል። ቀዝቀዝ ባለው አዲስ አበባ የተስማማ ማዘዣ ጅቡቲ ላይ እንደገና መታየት ይኖርበታል።

ስፔሻሊስት ብቻ መልስ ይሆናል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ ሳይኮሲስ ካለባቸው ሰዎች መካከል ሕክምና የሚያገኙት በበለጸጉ አገሮች 70 በመቶ ሲሆኑ በድሃ አገሮች 12 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህን ክፍተት በግል ክሊኒኮች መሙላት አይቻልም። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው መርሐ ግብር ጠቅላላ ሐኪሞችና ነርሶች የተለመዱ የአእምሮ ሕመሞችን እንዲያክሙ፣ ስፔሻሊስቱ ደግሞ ከባዱን እንዲያይና ሌሎችን እንዲደግፍ ያደርጋል። ኢትዮጵያ ይህን አሠራር በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ፈትሻለች። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነ ጥናትም በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚሰጥ ክትትል በሆስፒታል በአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚሰጠው እንደማያንስ አሳይቷል።

ጠበል፣ ጸሎትና ሩቅያም ከዚህ ሥዕል አይወጡም። ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው። በአዲስ አበባ በእንጦጦ ጠበል ሐኪሞችና አጥማቂዎች ተባብረው የሠሩበት ተሞክሮ፣ ታማሚው እምነቱን ሳይተው መድኃኒቱን መውሰድ እንደሚችል አመላክቷል። አደጋው የሚመጣው መድኃኒቱ እንዲቋረጥ ሲታዘዝ ወይም ታማሚው በሰንሰለት ሲታሰር ነው።

ለካርቲየ ሰባት ነዋሪ ከሁሉ የሚቀርበው ለውጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ላይሆን ይችላል። በጤና ጣቢያ የሠለጠነ አንድ ነርስ፣ ምሥጢር የሚጠብቅ አማርኛ ተናጋሪ አስተርጓሚ፣ ዋጋቸው ዝቅተኛ የሆኑ መሠረታዊ መድኃኒቶች ሳይቋረጡ መገኘት፣ ታማሚው ድንበር ሲሻገርም አብሮት የሚሄድ የሕክምና ማስረጃ ያስፈልጋሉ። እነዚህ እስኪሟሉ ድረስ የግል ሐኪም ለሚችል ሰው ጠቃሚ አማራጭ ሆኖ ይቀጥላል። ቤተሰብም ወደዚያ ከመሄዱ በፊት ሕክምናውን ለአንድ ዓመት መዝለቅ ይችል እንደሆነ ከሐኪሙ ጋር በግልጽ ቢነጋገር ይጠቀማል፤ ሐኪሙም አቅምን አውቆ በዋጋ ዝቅ ያለ መድኃኒትና ራቅ ያለ ቀጠሮ ሊመርጥ ይችላል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ወይም ሌላውን የመጉዳት ስጋት ካለ ግን የዋጋ ንጽጽር አይጠበቅም፤ ታማሚውን ብቻውን ሳይተዉ በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል መውሰድ ይገባል።