ጣሳ የተሰቀለበት ቤት

ሰው አንድን መጠጥ በጣዕሙ ብቻ አይወድም። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚወደው ቤቱን ነው፤ ከዚያ መጠጫውን፣ ከዚያም ቀጂዋን። ለዚህ ማስረጃ የሚሆን ታሪክ ከሩቅ አገር አለ፤ "ቲኪ" የሚባለው የአሜሪካ ቡና ቤት ባህል።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የመጠጥ ክልከላ ሲነሣ፣ "ዶን ዘ ቢችኮምበር" በሚል ስም የታወቀው ኧርነስት ጋንት ሆሊውድ ውስጥ ትንሽ ቡና ቤት ከፈተ። የካሪቢያን ሩም ከሎሚ፣ ከፍራፍሬ ጭማቂና ከቅመም ጋር እያደባለቀ ይሸጥ ነበር፤ ቤቱን ግን በፓስፊክ ደሴቶች አምሳል በቀርከሃና በዓሣ መረብ አስጌጠው። ደንበኛው ዝናብ የጣለ መስሎት አንድ ብርጭቆ እንዲጨምር በጣሪያው ላይ ውሃ ያስፈስስ ነበር ይባላል። ሠራተኞቹ ሙያውን ይዘው እንዳይሄዱም በጠርሙሶቹ ላይ በስም ፋንታ ቁጥር ይጽፍ ነበር። በ1944 ቪክቶር በርገሮን የተባለ ሌላ ቀማሚ ኦክላንድ ላይ "ማይ ታይ" የተባለውን መጠጥ ቀመመ፤ ጋንት ግን የኔ ነው ብሎ ተከራከረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቲኪ አገሩን አዳረሰ፤ በ1970ዎቹ ቀዘቀዘ። ኋላ የቀሰቀሱት ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የቲኪን የሸክላ ኩባያ የሚለቅሙ ወጣቶችና የድሮ ቀማሚዎችን ደጅ እየጠኑ ምሥጢራቸውን የሚጠይቁ እንደ ጄፍ ቤሪ ያሉ ሰዎች ናቸው።

በእኛ ከተማ በደብረ ታቦር ግን ዝናብ መሥራት አያስፈልግም። በሐምሌ ከጉና የሚወርደው ብርድና ቆርቆሮውን የሚደበድበው ዶፍ ማንንም ከጠላ ቤት አግዳሚ አያስነሣም። ቤቱን የሚያስታውቀው በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ነው፤ ሌላ ማስታወቂያ የለውም። ውስጥ ያለው ሙያ ግን ከሆሊውዱ አያንስም። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። ጌሾው ተወቅጦ ይጠነሰሳል፣ ብቅሉና ቂጣው ይገባል፣ እንኩሮው ተጨምሮ ድፍድፉ ይደፈደፋል፤ ከዚያ ውሃ ተሞልቶ አፉ ይመረጋል። የጭሱ ልክ፣ የጌሾው ምረት፣ የሚከፈትበት ቀን በጠማቂዋ እናት እጅና አፍንጫ እንጂ በወረቀት ላይ የለም። አንዷ ስታርፍ የአንድ ቤት ጣዕም አብሯት ይቀበራል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

የከተማችን ልጆች ጠላ የሚጠሉት ጣዕሙ መጥፎ ሆኖ አይመስለኝም። ማንም ቤቱን አላሳያቸውም፤ ጠላ ጠማቂነት የድህነት መተዳደሪያ ተደርጎ ተነገራቸው። ቢራ ግን በብርሃንና በሙዚቃ ታጅቦ ይጠብቃቸዋል። ንጹሕ አግዳሚ፣ ሽክናና ብርሌ፣ ለማይጠጣው ደግሞ ብርዝ ያለበት ቤት ቢያገኙ ደጋግመው እንደሚመጡ አምናለሁ።

ከቲኪ የማንቀዳውም አለ። እነዚያ ኩባያዎች የተቀረጹት በፖሊኔዥያ ሕዝቦች አማልክት መልክ ነው፤ ሃዋይና ኒውዚላንድ ውስጥ ለእኛ የተቀደሰውን ጌጥ አደረጋችሁት ብለው የሚያዝኑ ብዙ ናቸው። እውነት አላቸው። እኛም የማኅበር ጽዋ አለን፤ በቡና ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ መሆን የለበትም። የዝክሩ ጠላ ለዝክሩ ይቆይ፤ ለገበያ የሚሆነው የጠላ ቤቱ ይበቃል።

ጋንት ምሥጢሩን በቁጥር የደበቀው ዋጋ እንዳለው ስለሚያውቅ ነው። የእኛ ጠማቂዎች ምሥጢራቸውን ለጠየቃቸው ሁሉ በነጻ ይነግራሉ፤ ጠያቂ ግን የለም። ስለ ከተማዋ ቱሪዝም የሚመክሩ ሰዎች ከሆቴል ባለቤቶች ጋር ሲቀመጡ ጠማቂ እናቶችንም ይጥሩ፤ ለሚያስተምሩበት ቀን ይክፈሏቸው፤ ከተደፋው ጣሳ ሥር የባለሙያዋ ስም በትልቁ ይጻፍ።