ፋኑ አልዘገየም፣ ውሃው ነው የቸኮለው!

ገሳይ ላይ ቆመን ቀረን። ገሳይ ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ ስትሄዱ የምታገኟት፣ የጉና ብርድ በቀን እንኳ ጋቢ የሚያስደርብባት ትንሽ ከተማ ናት። እኛ ጥርሳችን ይንገጫገጫል፣ መኪናችን ግን ፈልታለች! ሰው በብርድ፣ ሞተር በሙቀት… እንዲህ ያለ ፍርድ የት ይገኛል?

ነገሩ የተበላሸው ገና ሳንነሳ ነው። የተዋስናት አሮጌ ኮሮላ ዳገት ላይ ትሞቃለች ስለተባለ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ አፍታ አየና «ፋኑ ዘግይቶ ነው የሚነሳው፤ ዳይሬክት እናድርገው» አለን። ሽቦ ቀጠለ። ቁልፉ ሲዞር ፋኑም አብሮ መጮህ ጀመረ። ቴርሞስታቱንም አውጥቶ «ይሄ ለእኛ አገር አይሆንም» ብሎ በእጃችን ሰጠን። ከፍለን፣ አመስግነን ወጣን። ያለ እረፍት ሲዞር የዋለው ፋን ገሳይ ላይ ተቃጠለ።

ይሄ የአንድ ጋራዥ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስቀን እናልፈው ነበር። ግን «ዳይሬክት አድርገው» እና «ቴርሞስታቱን ጣለው» ከተማ ለከተማ እንደ ጸበል የሚታዘዙ መድኃኒቶች ሆነዋል። እኛ ደግሞ ይሄ ጥገና አይደለም እንላለን። በሽታን መሸፈን ነው!

እስቲ ከሥሩ እንየው። ቴርሞስታት በር ጠባቂ ነው። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ይዘጋል፣ ሲሞቅ ይከፍታል። በብዙ ቶዮታዎች በሩ የሚከፈተው 82 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ፋኑ የሚነሳው ደግሞ 93 አካባቢ። ይህ ልዩነት የፋብሪካው ስህተት አይደለም። መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዛል። ፋን የሚያስፈልገው ስንቆም ወይም በአንደኛ ማርሽ ዳገት ስንቧጥጥ ነው።

ታዲያ መካኒኩ ዋሸን? አልዋሸም፣ ግማሹን አይቷል። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። እዚያ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 91 አካባቢ ይፈላል። የደጋ እናቶች ባቄላ ቶሎ የማይበስልላቸው ለዚህ ነው። የራዲያተር ክዳን ውሃ እንዳይፈስ ብቻ የተቀመጠ ይመስለናል እንጂ እንደ ፕሬዠር ኩከር ክዳን ግፊት የሚይዝ ነው። ጤነኛ ክዳን ካለ ውሃው ደብረ ታቦር ላይም ከ110 ዲግሪ በፊት አይፈላም። ጎማው የደረቀ ክዳን ካለ ግን ራዲያተሩ ክፍት ድስት ሆነ ማለት ነው። ውሃው 91 ላይ ይንተከተካል፣ ፋኑ ደግሞ 93ን እየጠበቀ ነው! ፋኑ አልዘገየም፣ ውሃው ነው የቸኮለው።

ገሳይ ላይ የደረሰልን የአይሱዙ ሾፌር ይህን ያወቀው በጣቱ ነው። ክዳኑን ልንከፍት ስንሯሯጥ «እናንተ ልጆች፣ ፊታችሁን ልታበስሉት ነው? ራቁ!» ብሎ ጮኸብን። ሞተሩ ሲበርድ ከፈተው፣ ጎማውን ዳሰሰው፣ ብስኩት ሆኗል። «ይሄን ለውጡና ፋኑን ወደ ቦታው መልሱት» አለን። ከረጢት ሙሉ ትምህርት በነጻ!

የ«ዳይሬክት» ዕዳ ይሄ ብቻ አይደለም። ቴርሞስታት የሌለው፣ ፋኑም የማያርፍ ሞተር በደጋ ጠዋት ትክክለኛ ሙቀቱን ለማግኘት ይሰቃያል። እስኪሞቅ ድረስ ቤንዚን ይጠጣል፣ ዘይቱ ይበላሻል፣ ሞተሩ ያለ ዕድሜው ይበላል። ሽቦው ያለ ፊውዝ ከተቀጠለ እሳት ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን የሚፈስ ውሃ፣ የተደፈነ ራዲያተር፣ የሞተ ክዳን ሁሉ ከፋኑ ጩኸት ጀርባ መደበቁ ነው። ስናውቅ ቴስታታው ተጣሞ፣ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሎ ነው።

«ከወረታ ደብረ ታቦር አምስት ሰው ጭናችሁ ውጡና እናያችኋለን» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው፣ ዳገቱ ወደ 900 ሜትር ገደማ ከፍታ ያስወጣል። ፋን ቀድሞ ቢነሳ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። እንግዲያውስ በወጉ ይሠራ! ትንሽ ቀደም ብሎ የሚያስነሳ ሴንሰር ይገጠም፣ ግን ከቴርሞስታቱ መክፈቻ በላይ ይሁን። ያለዚያ ፋኑ መቼም አያርፍም። ወይም በሪሌይና በፊውዝ ማብሪያ ይጨመር፣ ሴንሰሩ ግን ሥራውን ይቀጥል። ይህም የሚመጣው ክዳኑ፣ ውሃውና ራዲያተሩ ከታዩ በኋላ ነው። የቧንቧ ውሃ ብቻ ሳይሆን ኩላንት ይግባበት።

«ለአሮጌ መኪና ይሄ ሁሉ?» አትበሉን። መንግሥት የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ያለው በ2016 ዓ.ም. ነው። ያቺ አሮጌ ኮሮላ ተተኪ የላትም። የእሷ ሞተር የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ነው።

ጋፋትም እኮ እዚያው ደብረ ታቦር አጠገብ ነው። የአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተሠራው እዚያ ነው። ያ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ያን ሁሉ ዳገት በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ። ያን ብረት ያቀለጠና ያን ዳገት ያሸነፈ አገር ዛሬ አንዲት የክዳን ጎማ ታሸንፈው?

መካኒኮቻችን ሆይ፣ እጃችሁ ብርቱ መሆኑን እናውቃለን። ሽቦ ከመቀጠላችሁ በፊት ግን አንድ ጊዜ «ለምን ሞቀ?» ብላችሁ ጠይቁልን። እኛም ከእንግዲህ «ዳይሬክት ልበለው?» ስትሉን መልሳችን አንድ ነው፦ መጀመሪያ ክዳኑን አሳየን!